ሦስት ዳቦ ለአራት ልጅ፦ ክፍልፋይ ማካፈል መሆኑን ለልጅ እንዴት እናሳይ?

ቤታችሁ የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ክፍል ልጅ ካለ ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። «ሦስት ዳቦ ለአራት ልጅ እኩል ቢካፈል ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል?» እስክሪብቶ አትስጡት፣ ፍንጭም አትስጡት። ዝም ብላችሁ ስሙት።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሒሳብ የማስጠና ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ በብዛት ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ናቸው። አዲስ ተማሪ ስይዝ የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኼው ነው። የሚመጡልኝ መልሶችም ብዙ አይለያዩም። አንዱ «አይቻልም ቲቸር፣ ዳቦው ያንሳል» ይላል። ሌላው ቁጥሮቹን ይገለብጥና አራትን ለሦስት አካፍሎ «አንድ፣ ቀሪ አንድ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዜሮ፣ ቀሪ ሦስት» ይለኛል። ይህኛው በስሌት ደረጃ አልተሳሳተም። ግን አራቱም ልጆች ጦማቸውን አደሩ፣ ሦስቱ ዳቦም ሳይቆረስ ቀረ።

እነዚሁ ልጆች 3/4ን ሥሩ ሲባሉ ግን አይቸገሩም። ክብ ይሠራሉ፣ አራት ቦታ ይከፍሉታል፣ ሦስቱን ቀለም ይቀባሉ። ማካፈልንም ያውቃሉ። ችግሩ ሁለቱን ለየብቻ ነው የተማሩት። ማካፈል አንድ ምዕራፍ ነው፣ ክፍልፋይ ሌላ ምዕራፍ ነው። 3/4 የሚባለው ቁጥር «3 ሲካፈል ለ4» የሚለው ጥያቄ መልስ መሆኑን ማንም አላሳያቸውም።

በእርግጥ «መሐል ያለችው መስመር ማካፈል ማለት ናት» ብሎ ነግሮ ማለፍ ይቻላል። ልጁ ይሸመድደዋል። ከፈተናው በኋላ ግን የለም። እኔ የማምነው ልጁ መጀመሪያ በእጁ እንዲያካፍል ነው። መልሱን ያግኘው፣ ይለካው፣ ከዚያ በኋላ ምልክቱ ይምጣ።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር

ወረቀት፣ መቀስ፣ ማስመሪያና እርሳስ። በቃ። ከወረቀቱ ርዝመታቸው 12 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋታቸው ሁለት ጣት የሚሆን ቁራጮች ቁረጡ። አሥራ አምስት ያህል ይበቃል። እነዚህ «ዳቦዎች» ናቸው። በሌላ ወረቀት ላይ አራት ሳህን ሣሉ።

ክብ ዳቦ ወይም አምባሻ ለምን አልመረጥኩም? ክብን ለሁለትና ለአራት መክፈል ቀላል ነው። ለሦስት ወይም ለአምስት ሲሆን ግን አዋቂም እኩል አድርጎ አይቆርጠውም። ልጁ ሐሳቡን ትቶ ከቅርጹ ጋር ይታገላል። ረጅም ቁራጭ ግን በማስመሪያ ይለካል። 12 የመረጥኩትም ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እና ለ6 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው። አምስት ሰው ያለበት ጥያቄ ከመጣ 10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ዳቦዎች አዘጋጁ።

ከሚያውቀው ጀምሩ

ወዲያው ወደ ሦስት ዳቦ አትሂዱ። 12 ዳቦ ለ4 ልጅ በሉት፤ ሦስት ሦስት ይላል። 8 ለ4፤ ሁለት ሁለት። 4 ለ4፤ አንድ አንድ። ሁሉንም በወረቀት ይጻፈው፤ 12 ÷ 4 = 3፣ 8 ÷ 4 = 2፣ 4 ÷ 4 = 1። አሁን አንድ ዳቦ አንሱበትና «3 ለ4ስ?» በሉት። ቁራጮቹ ፊቱ ናቸው፣ ሳህኖቹም አሉ። ከመቁረጡ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ከአንድ ዳቦ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ያንሳል ካለ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ዜሮ አለመሆኑንም እዚያው ያየዋል፤ ሦስት ዳቦ እያለ ማን ባዶ እጁን ይቀራል?

ከዚህ በኋላ መቀሱን ስጡትና እጃችሁን ሰብስቡ። ለወላጅ ከባዱ ይኼ ነው። ልጁ ሲያመነታ «እንዲህ አድርግ» ለማለት እጅ ይበላል። ታገሱ።

አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዬ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ሁለቱን ዳቦ ከመሐል አጥፋ ቆረጠችና አራት ግማሽ አገኘች። በየሳህኑ አንድ አንድ አኖረች። አንድ ዳቦ ቀራት። ትንሽ አየችው። ከዚያ ሁለት ጊዜ አጠፈችው፣ አራት ቦታ ሆነ፣ ቆርጣ አደለች። «ለአንዱ ግማሽና ሩብ» አለች። አያቷ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። «ሽልንግ ከስሙኒ በያ! ሰባ አምስት ሳንቲም» አሉ። ልጅቷ ስሙኒ ምን እንደሆነ አታውቅም። ነገሩን ግን እማማ በአንድ ቃል ጨርሰውታል፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ያቺ ልጅ የሄደችበት መንገድ ትክክል ነው፤ በጣም የቆየም ነው። ለንደን በሚገኘው የብሪቲሽ ሙዚየም ራይንድ ፓፒረስ የሚባል የጥንት ግብፅ የሒሳብ ጽሑፍ አለ። አህሜስ የተባለ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ ከሌላ የቆየ ጽሑፍ የገለበጠው ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጥያቄዎቹ ዳቦን ለ10 ሰው ስለማካፈል ናቸው። 1፣ 2፣ 6፣ 7፣ 8 እና 9 ዳቦ ለ10 ሰው። አብዛኞቹ መልሶችም ልክ እንደ ልጅቷ «ይኼን ያህልና ይኼን ያህል» እየተባሉ ተደምረው ነው የተጻፉት። ስለዚህ ልጃችሁ «ግማሽና ሩብ» ካለ «አይ፣ ሦስት አራተኛ በል» ብላችሁ አታርሙት። መልሱ ልክ ነው። አድንቁትና ሁለተኛውን መንገድ አሳዩት።

ሁለተኛው መንገድ፦ እንደ ቅርጫ

ቅርጫ ያየ ልጅ ይህን ወዲያው ይይዘዋል። በቅርጫ ጊዜ አንዱ ጭኑን፣ ሌላው ጉበቱን ጠቅልሎ አይወስድም። ከየብልቱ ለየመደቡ ይደረሳል፤ ሥጋውም፣ ጉበቱም፣ አጥንቱም። ዳቦውንም እንዲሁ አድርጉት። የመጀመሪያውን ዳቦ ለአራት ቆርጣችሁ ለየሳህኑ አንድ ቁራጭ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ሳህን ላይ ሦስት ቁራጭ አለ። እያንዳንዱ ቁራጭ የአንድ ዳቦ አንድ አራተኛ ነው። ሦስት አንድ አራተኛ ማለት ደግሞ 3/4 ነው።

አሁን ማስመሪያ ይምጣ። የመጀመሪያው መንገድ ግማሽና ሩብ ነበር፤ 6 ሲደመር 3፣ 9 ሳንቲ ሜትር። የሁለተኛው መንገድ ሦስቱን ቁራጭ ጫፍ ለጫፍ ግጠሙ፤ እሱም 9 ሳንቲ ሜትር። ቀጥሎ ያልተቆረጠ አንድ ዳቦ አውጡና ልጁ ሁልጊዜ በሚያውቀው መንገድ አራት ቦታ ከፍሎ ሦስቱን ቀለም ይቀባ። ይለካው። አሁንም 9። ለእኔ ትምህርቱ ያለው እዚህ ቅጽበት ላይ ነው። አንድ ዳቦ ለአራት ከፍሎ ሦስቱን መውሰድና ሦስት ዳቦ ለአራት ሰው ማካፈል እኩል ያደርሳሉ። ልጁ ራሱ ለክቶ አይቶታል።

ያኔ ይጻፈው፦ 3 ÷ 4 = 3/4። የማካፈል ምልክቷንም እንዲያይ አድርጉ። መሐል መስመር፣ ከላይ ነጥብ፣ ከታች ነጥብ። የላይኛው ነጥብ ቦታ ላይ 3፣ የታችኛው ቦታ ላይ 4 አስገቡ። ተካፋዩ ላዕል ሆነ፣ አካፋዩ ታህት ሆነ። (ሒሳብን በእንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ኑመሬተርና ዲኖሚኔተር ነው የሚሏቸው፤ በለመዱት ይጥሯቸው።)

አንድ ምሳሌ ግን አይበቃም። ወዲያው 2 ዳቦ ለ3 ልጅ፣ 1 ዳቦ ለ6፣ 5 ዳቦ ለ6 ስጡት። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው በኋላ ሳይቆርጥ መልሱን መገመት ይጀምራል። ይገምት፣ ከዚያ ቆርጦ ያረጋግጥ። 2 ለ3 ስምንት ሳንቲ ሜትር፣ 1 ለ6 ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ 5 ለ6 አሥር ሳንቲ ሜትር ይወጣል። «ቲቸር፣ መቁረጥ አያስፈልግማ!» ሲል መቀሱን አስቀምጡት።

የ3/12 ወጥመድ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ጎበዝ ልጆች የሚወድቁበት ቦታ ነው።

ሦስት ዳቦ እያንዳንዱ ለአራት ሲቆረጥ ጠረጴዛው ላይ 12 ቁራጭ አለ። አንዱ ልጅ ሦስት ቁራጭ ወሰደ። ልጁ ይቆጥርና «3/12» ብሎ ይጽፋል። ብዙ ወላጅ ይህን ሲያይ «ተሳሳትክ» ይላል። እንደዚያ አትበሉ፤ ምክንያቱም የተናገረው ነገር እውነት አለበት። ልጁ ያገኘው ከጠቅላላው ዳቦ 3/12 ነው፤ ሲቃለል 1/4። አራት እኩል ሰው ስለሆኑ እያንዳንዱ የጠቅላላውን ሩብ ያገኛል፤ ግልጽ ነው። ጥያቄያችን ግን «ስንት ዳቦ ይደርሰዋል?» ነበር። «ከጠቅላላው ስንት እጅ?» አላልንም።

ስለዚህ ጠይቁት፦ «3/12 የምን?» ይህችን «የምን?» የምትል ጥያቄ ልማድ አድርጓት። ልጁ «የሁሉም ዳቦ» ካለ፣ «እሺ፣ የአንድ ዳቦስ?» በሉት። ከዚያ አንድ ሙሉ ዳቦ ከሦስቱ ቁራጮች ጎን አስቀምጡ። 12 ሳንቲ ሜትር እና 9 ሳንቲ ሜትር ጎን ለጎን። የአንድ ዳቦ 3/12 ቢሆን ኖሮ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር የሚሆነው። ልጁ ራሱ «አይ፣ 3/4 ነው» ይላል። እኔ ተማሪዎቼን ከመልሳቸው ጎን ሁልጊዜ ስም አስጽፋቸዋለሁ፤ 3/4 ዳቦ፣ 2/3 ሜትር፣ 5/8 ኪሎ። ስም የሌለው ክፍልፋይ አልቀበልም።

ቁጥሮቹን የሚገለብጥ ልጅ

«ለ4 ልጆች 3 ዳቦ ብናካፍል» ስትሉ 4 ቀድሞ ይሰማል። ልጁም እንደሰማው 4 ÷ 3 ብሎ ይጽፋል። «3 ዳቦ ለ4 ልጆች» ስትሉ ግን ልክ ይጽፋል። መጻሕፍቱ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አነጋገር አለ፣ ፈተና ላይም ይመጣል። ስለዚህ በሁለቱም እየገለበጣችሁ ጠይቁት። ከመጻፉ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይመልስ፦ «የሚቆረሰው የቱ ነው?» ልጅ አይቆረስም፤ ዳቦ ነው የሚቆረሰው። የሚቆረሰው ከላይ ይጻፋል። ሌላው ግልበጣ የሚመጣው «ትልቁ ለትንሹ ይካፈላል» ከሚል የቆየ ልማድ ነው። በታችኛው ክፍል የሠሩት ማካፈል ሁሉ 12 ለ3፣ 20 ለ5 ነበርና አይፈረድባቸውም። መድኃኒቱም ከላይ የሠራነው ነው፤ ትንሹን ለትልቁ በእጁ ያካፈለ ልጅ «አይቻልም» አይልም።

ቀሪውን ምን እናድርገው?

7 ዳቦ ለ3 ልጅ። ልጁ «2፣ ቀሪ 1» ይላል። «ቀሪውን ማን ይብላው?» በሉት። አንዱ ዳቦ ለሦስት ይቆረስና ለየአንዱ ሲሶ ይደርሳል። 7 ÷ 3 = 7/3 = 2 እና 1/3። እንደ 7/3 ላዕሉ ከታህቱ ሲበልጥ የሚሰጠው «ሕገ ወጥ ክፍልፋይ» የሚለው ስም ልጆችን ያስፈራቸዋል፤ 7/3 ግን ሰባት ዳቦ ለሦስት ሰው ከመሆን ሌላ ምንም የለበትም። ድብልቅ ቁጥሩም (2 እና 1/3) ያው ዳቦ ተቆርሶ ካለቀ በኋላ ያለው ነው። ሕገ ወጥ ክፍልፋይን ወደ ድብልቅ ቁጥር ስንቀይር ለምን እንደምናካፍል ያልገባው ልጅ እዚህ ጋ ይገባዋል።

ቀጥሎ ግን ልጁ ቀሪን ሁልጊዜ መቁረስ እንደማይቻል ማየት አለበት። እኔ 27ን እና 12ን እጠቀማለሁ። 27 ዳቦ ለ12 ሰው፦ 2 እና 1/4 ዳቦ። 27 ብር ለ12 ሰው፦ 2 ብር ከ25 ሳንቲም። 27 ኳስ ለ12 ቡድን፦ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ኳስ ይተርፋል፤ ኳስ አይቆረጥም። 27 መንገደኛ 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ፦ ሦስት ሚኒባስ፤ ምክንያቱም ሦስቱን ሰው መንገድ ላይ ጥለን አንሄድም። ስሌቱ አንድ ነው፣ መልሱ አራት ዓይነት። ልጁ ይህን ሲያይ ቁጥሩን ከመቀጥቀጡ በፊት ታሪኩን ማንበብ ይጀምራል።

የእማማ ሽልንግ ከስሙኒ

3 ብር ለ4 ልጅ። 3 ብር 300 ሳንቲም ነው፤ ለ4 ሲካፈል 75 ሳንቲም። ሽልንግ 50፣ ስሙኒ 25። የልጅቷ ግማሽና ሩብ ማለት ነው። አሁን ሳንቲም ከገበያው ስለራቀ ልጆቹ አያውቁትም፤ አያት ወይም አጎት ቤት ካለ ያስረዳቸው። በደብተር ደግሞ 3.00ን ለ4 ያካፍል፤ 0.75 ይወጣል። ስለዚህ 3/4 = 0.75። ክፍልፋይን ወደ አስርዮሽ ለመቀየር ላዕሉን ለታህቱ አካፍል የሚባለው ሕግ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ክፍልፋዩ ድሮም ማካፈል ነበር። 1 ብር ለ3 ሰው ሲሞክሩት 33 ሳንቲም ደርሶ አንድ ሳንቲም ይተርፋል፤ በአስርዮሽ ቢቀጥሉ 0.333... እያለ አያልቅም። 1/3 ብሎ መጻፍ ለምን እንደሚመች ያኔ ይታያቸዋል።

የትኛው ጠረጴዛ?

ይህን ክፍል እወደዋለሁ። ማወዳደርን ያለ ምንም ሕግ ያስተምራል። «አንዱ ጠረጴዛ ላይ 3 ዳቦ ለ4 ሰው፣ ሌላው ላይ 3 ዳቦ ለ5 ሰው። የቱ ጋ ትቀመጣለህ?» ሰው የበዛበት ጠረጴዛ ድርሻው እንደሚያንስ የማያውቅ ልጅ የለም። ታህቱ ሲበልጥ ክፍልፋዩ ያንሳል የሚለውን ነገር፣ 1/5 ከ1/4 ይበልጣል እያሉ ከዓመት ዓመት የሚቸገሩበትን ነገር፣ ሆዳቸው ይነግራቸዋል።

ከዚያ ከበድ አድርጉት። 2 ዳቦ ለ3 ሰው ወይስ 3 ዳቦ ለ4? ሁለቱም ጋ አንድ ዳቦ ጎድሏል። አንደኛው ጋ ጉድለቱን ሦስት ሰው ይካፈለዋል፤ ለእያንዳንዱ 1/3 ይጎድልበታል። ሁለተኛው ጋ አራት ሰው ይካፈለዋል፤ 1/4 ብቻ ይጎድላል። ስለዚህ 3/4 ይበልጣል። የወረቀት ዳቦውም 8 እና 9 ሳንቲ ሜትር ብሎ ይመሰክራል።

6 ዳቦ ለ8 ሰውስ? ሁለት ጠረጴዛ ገጥማችሁ አስቡት፤ በየአንዱ 3 ዳቦና 4 ሰው። ድርሻው አልተለወጠም። 6/8 = 3/4። አቻ ክፍልፋይ ማለት ይኼው ነው።

0 ዳቦ ለ4 ሰው ዜሮ ነው፣ ይስቃሉ። 4 ዳቦ ለ0 ሰው ግን «ለአንዱ ስንት?» ሲባል አንድ የሚባል ሰው የለም። በማባዛትም አሳዩት፤ 12 ÷ 4 = 3 ያልነው 3 × 4 = 12 ስለሆነ ነው። በ0 ተባዝቶ 4 የሚሰጥ ቁጥር ደግሞ የለም። ታህት ዜሮ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ገብቶታል ወይ?

ተራ ጥያቄ አትስጡት። «5/8ን ይዘህ የማካፈል ታሪክ ፍጠርልኝ» በሉት። «8 ብርቱካን ነበረ፣ 5ቱን በላሁ» ካለ፣ ያ ክፍልፋይ ነው፣ ማካፈል ግን የለበትም። አመስግኑትና «የሚካፈሉ ሰዎች አስገባበት» በሉት። «እናቴ 5 ኪሎ በርበሬ ገዝታ ለ8 ጎረቤት እኩል አካፈለች» ካለ ደርሷል። ያኔ ሦስት ነገር ጠይቁት። ለአንዱ ጎረቤት ስንት ኪሎ? (5/8 ኪሎ) ከግማሽ ኪሎ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? (4 ኪሎ ቢሆን ግማሽ ግማሽ ይደርሳቸው ነበር፤ ስለዚህ ይበልጣል።) በሚዛን ስንት ግራም ነው? (5000 ለ8፤ 625 ግራም።) መጨረሻ ላይ የስምንቱን ጎረቤት ድርሻ መልሶ ይደምረው። 5 ኪሎ ካልመጣ የሆነ ቦታ በርበሬ ፈሷል፤ ይፈልገው።